ከእርሻ ወደ እርሻ የተነቀለ ዘር፦ የሊንከን ቤተሰብና የኬንታኪ የመሬት ሙግት

በሜይ ወር 1786 ሻምበል አብርሃም ሊንከን ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ማሳው ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ኬንታኪ ነው፤ ጄፈርሰን አውራጃ፣ ሎንግ ራን ከሚባለው ወንዝ አጠገብ። ከዛፎቹ መካከል ጥይት ጮኸና ሻምበሉ ወደቀ። መካከለኛው ልጅ ጆሳያ እርዳታ ሊጠራ በአቅራቢያው ወዳለው ምሽግ ሮጠ። በኩሩ ሞርዴካይ ወደ ጎጆው ገብቶ ጠመንጃ አነሣ። የስምንት ዓመቱ ቶማስ ከአባቱ ሬሳ አጠገብ ቀረ። ከጥቃት አድራሾቹ የአገሩ ነባር ሰዎች አንዱ ወደ ልጁ ሲጠጋ ሞርዴካይ ከጎጆው ውስጥ አነጣጥሮ ጣለው። ቤተሰቡ ታሪኩን ሲቀባበል የኖረው በዚህ መልክ ነው።

በዚያ ቀን የተረፈው ቶማስ አድጎ ወንድ ልጅ ሲወልድ በሟቹ አባቱ ስም አብርሃም አለው። ይህ ልጅ የአሜሪካ 16ኛው ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከን ነው። ሊንከን በ1854 ለአንድ ዘመዱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሰማቸው የቤተሰብ ታሪኮች ሁሉ አጥብቆ በአእምሮው የተቀረጸው የአያቱ አሟሟት መሆኑን ገልጿል። ስለዚያ ጥይት ብዙ ተጽፏል። ከጥይቱ በኋላ ስለመጣው የውርስ ሕግ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ የቶማስን የዕድሜ ልክ ዕጣ የወሰነው ደግሞ ይህ ሕግ ነበር።

ሻምበሉ ሲሞት በስሙ የያዘው መሬት ከ5,000 ኤከር ይበልጥ ነበር። ሁለት ኤከር ተኩል አንድ ሄክታር ያህላልና ከ2,000 ሄክታር በላይ ማለት ነው። ኑዛዜ አልተወም። ኬንታኪ ያን ጊዜ የቨርጂኒያ ክፍል ስለነበረች የሚሠራባት የቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ ያ ሕግ ኑዛዜ ሳይተው የሞተን ሰው መሬት በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ይሰጣል። ከእንግሊዝ የተወረሰውን ይህን ልማድ የሚሽርና ልጆች ሁሉ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ እኩል እንዲካፈሉ የሚያዝ ሕግ ቶማስ ጄፈርሰን አርቅቆ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1785 አጽድቆት ነበር። በሥራ ላይ የሚውለው ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1787 ጀምሮ ነው። ሻምበሉ የሞተው ከዚያ ቀን ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። መሬቱ ለሞርዴካይ ሆነ። ቶማስ፣ ጆሳያና ሁለቱ እኅቶቻቸው ምንም አልደረሳቸውም። ቶማስ ለሰው እየሠራ አደገ፤ አናጢነትም ተማረ።

የሊንከን ዘር ከቦታ ቦታ መነቀልን የጀመረው ኬንታኪ ላይ አይደለም። ሳሙኤል ሊንከን በ1637 በእንግሊዝ ኖርፎክ ግዛት ካለችው ሂንግሃም ተነሥቶ በባሕር ማሳቹሴትስ ገባ፤ የሰፈረባት መንደርም ስሟ ሂንግሃም ነው። ልጁ ሞርዴካይ ማሳቹሴትስ ቀረ። የልጅ ልጁ፣ እሱም ሞርዴካይ፣ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ከዚያም ወደ ፔንሲልቬኒያ አለፈ። የዚህኛው ሞርዴካይ ልጅ ጆን በ1768 ቤተሰቡን ይዞ ቨርጂኒያ ገባ። የጆን ልጅ ሻምበል አብርሃም በ1780 የቨርጂኒያ መሬቱን ሸጦ፣ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ተራራውን ተሻግሮ ኬንታኪ ሰፈረ። ከሳሙኤል እስከ ፕሬዚዳንቱ ሲቆጠር ሰባት ትውልድ ነው፤ አንድም ሁለት ትውልድ በአንድ ቦታ ከቆየ እንደ ብዙ ይቆጠራል።

በፔንሲልቬኒያ በርክስ አውራጃ ጎረቤቶቻቸው የቡን ቤተሰብ ነበሩ። ኬንታኪን ለነጭ ሰፋሪዎች ከፈተ የሚባለው አዳኙ ዳንኤል ቡን በ1734 የተወለደው እዚያ ነው። ሁለቱ ቤቶች ተጋብተዋል፤ የዳንኤል የአጎት ልጅ አን ቡን የጆን ሊንከንን የአባት ልጅ ወንድም አግብታለች። የዚህም ሰው ስም አብርሃም ነው። አብርሃምና ሞርዴካይ የሚሉት ስሞች በየትውልዱ ስለሚመላለሱ፣ የዚህን ቤተሰብ ሐረግ የሚከታተል ሰው ከስሙ ይልቅ በመሬቱ ነው አንዱን ከሌላው የሚለየው።

የእኛ አገር አንባቢ እንዲህ ያለ ቆጠራ ሲያይ ርስት ትዝ ይለዋል። በጎጃምና በጎንደር መሬቱን መጀመሪያ ወዳቀናው አባት በአባትም በእናትም ወገን ቆጥሮ የደረሰ ሰው ድርሻ አለኝ ብሎ ይሟገት ነበር። ኬንታኪ ላይ የአቅኚ ልጅ መሆን ብቻውን ዋጋ የለውም። አባትህ ጫካውን መነጠረ፣ ደሙን እዚያው አፈሰሰ፣ መቃብሩም እዚያው ነው ማለት ዳኛውን አያሳምንም። የሚጠየቀው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ከሌላው ሰው ወረቀት መቅደም አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን መሬቱ ሰው አልባ አልነበረም። ሾኒና ቼሮኪ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ያድኑበት ነበር። በ1768 በፎርት ስታንዊክስ በተደረገው ውል ኢሮኳዎች ከኦሃዮ ወንዝ በስተደቡብ ያለውን አገር ለእንግሊዝ ዘውድ ለቀቁ፤ ሾኒዎች የሚያድኑበትን አገር ሌላ ሕዝብ ፈርሞ ሰጠባቸው። በ1775 ደግሞ ሪቻርድ ሄንደርሰን የተባለ የሰሜን ካሮላይና ሰው በሲካሞር ሾልስ ከቼሮኪ አለቆች ጋር ተዋውሎ ሰፊ የኬንታኪ መሬት ገዛሁ አለ፤ ድራጊንግ ካኑ የተባለው የቼሮኪ መሪ ሽያጩን አጥብቆ ተቃወመ። በ1778 ቨርጂኒያ የሄንደርሰንን ግዢ ሻረችበት፤ መሬቱን ለነባሮቹ ባለቤቶች መመለስ ግን የማንም አሳብ አልነበረም። የሻምበሉን አሟሟት የሚያነብ ሰው ይህን አብሮ ማንበብ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ኬንታኪ ላይ ደም ያፋሰሰው፣ ባለ አገሩ ያልተጠየቀባቸው ፊርማዎች ናቸው።

የሰፋሪዎቹን የእርስ በርስ ሙግት የወለደው ደግሞ ቨርጂኒያ በ1779 ያወጣችው የመሬት ሕግ ነው። ከ1778 በፊት ሰፍሮ የተገኘ ሰው 400 ኤከር በትንሽ ዋጋ ያገኛል፤ ከዚያ አያይዞም 1,000 ኤከር ለመግዛት ቅድሚያ አለው። የቀረው መሬት ገንዘብ ላለው ሁሉ ክፍት ነው። ቨርጂኒያ በጦርነት ላይ ነበረችና ግምጃ ቤቷ ገንዘብ ይፈልግ ነበር። የመሬት ማዘዣ ትሸጣለች፤ ማዘዣው ላይ የሚጻፈው የኤከሩ ብዛት ብቻ ነው፤ መሬቱ የት እንዳለ አይናገርም። ገዢው ራሱ ጫካ ገብቶ ቦታ ይመርጣል፤ ምርጫውን ለአውራጃው ቀያሽ ያስመዘግባል፤ ያስለካል፤ የልኬቱን ሰነድ ይልካል፤ በመጨረሻ የባለቤትነት ሰነድ ይወጣለታል። በዚህ መካከል ዓመታት ያልፋሉ። አንዷ እርምጃ ከጎደለች ወይም ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አገሩን አስቀድሞ የለካ መንግሥታዊ ቀያሽ አልነበረም። ወሰን የሚባለው በመጥረቢያ ምልክት የተደረገበት ዛፍ፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ ምንጭ፣ ወይም የእገሌ ጎጆ ነው። ዛፉ ይወድቃል፤ ጎጆው ይቃጠላል፤ ወንዙ እንኳ ለሁለት ሰው ሁለት ስም ይኖረዋል። አንድ መሬት በተለያየ ማዘዣ ሁለቴም ሦስቴም ተለክቶ ሰነዶቹ እንደ ጣሪያ ክዳን ይደራረባሉ። እውነተኛው ባለቤት የሚታወቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ጠበቃ መግዛት ለሚችል ይቀናል። ከሩቅ ከተማ ሆኖ በአንድ ጊዜ 10,000 ኤከር ያስመዘገበ ባለ ገንዘብ፣ 200 ኤከሩን በገዛ እጁ የመነጠረውን ገበሬ የሚያስለቅቅበት በር በዚህ ተከፈተ። በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ በደል ይህ ነው፦ መሬቱን ሳይለካ ሸጠው፤ ስሕተቱን ግን የከፈለው ገዢው ነው።

ሻምበል አብርሃምም በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። በ1780 160 ፓውንድ ከፍሎ የ400 ኤከር ማዘዣ ሲገዛ ጸሐፊው ስሙን «ሊንክሆርን» ብሎ መዘገበው። በ1785 መሬቱ ሎንግ ራን ላይ ሲለካ የቀያሹን ሰንሰለት የጎተቱት የቤተሰቡ ሰዎች ናቸው፤ የወሰን ምልክት ያደረገውም ሻምበሉ ራሱ ነው።

ቡን የደረሰበት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1775 ለሄንደርሰን መንገድ ጠርጎ ቡንስቦሮ የተባለውን ምሽግ ያቆመ እሱ ነው። በ1780 የራሱንና የጎረቤቶቹን ገንዘብ፣ 20,000 ዶላር ያህል የወረቀት ገንዘብ፣ ለመሬት ማዘዣ መግዣ ይዞ ወደ ቨርጂኒያ ሲሄድ ባደረበት ማረፊያ ተዘረፈ። ከተዘረፉት ጎረቤቶቹ አንዳንዶቹን ለዓመታት ሲከፍል ኖረ። ቀያሽ ሆኖ ለብዙ ሰው ለካ፤ ልኬቱ ሲያከራክር ለምስክርነት ይጠራል፣ ይከሰሳል። በ1798 አልመጣም ብሎ በመቅረቱ እንዲያዝ ትእዛዝ ወጣበት፤ በዚያው ዓመት ኬንታኪ አዲስ አውራጃ በስሙ ሰየመች። በ1799 አገሩን ጥሎ ያን ጊዜ በስፔን ሥር ወደነበረችው ሚዙሪ ሄደ። ስፔኖች 1,000 አርፓን፣ 850 ኤከር ገደማ፣ ሰጡት። አሜሪካ በ1803 ሚዙሪን ጨምሮ ሉዊዚያናን ስትገዛ ኮሚሽነሮች መጥተው ሰነዱ አልተሟላም አሉና ያም ተወሰደበት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1814 መሬቱን መለሰለት፤ ሽማግሌው ግን የኬንታኪ ዕዳዎቹን ለመክፈል ሸጠው። በ1820 ሞተ።

አሁን ወደ ቶማስ እንመለስ። ቶማስ ለረጅም ዘመን በታሪክ ጸሐፊዎች እጅ ተበድሏል። ሰነፍ፣ ሥራ የማይበረክትለት፣ ከቦታ ቦታ የሚንከራተት አባት ተደርጎ ተሥሏል፤ ልጁን ይበልጥ ትልቅ ለማስመሰል አባቱን ማሳነስ ቀላል ነውና። የኖረበት የሃርዲን አውራጃ መዝገቦች ግን ሌላ ሰው ያሳያሉ። በፍርድ ቤት ዳኝነት ሸንጎ ተቀምጧል፤ ግብሩን ከፍሏል፤ በ1814 የግብር መዝገብ ላይ ከ98 ባለ ንብረቶች 15ኛው ነው። ከአባቱ ምንም ያልወረሰ፣ ማንበብና መጻፍ እምብዛም የማይችል ሰው በመጥረቢያና በመጋዝ እዚህ መድረሱ ያስመሰግነዋል።

ሦስት እርሻ ነበሩት፤ ሦስቱም አልሆኑለትም። የመጀመሪያው ሚል ክሪክ ነው። በ1803 በ118 ፓውንድ 238 ኤከር ገዛ። በ1814 ሲሸጥ መሬቱ 200 ኤከር ነው ተባለ፤ ቀድሞ የከፈለባቸው 38 ኤከር በልኬት ስሕተት ጠፍተዋል። በ100 ፓውንድ ሸጠው።

ሁለተኛው ሲንኪንግ ስፕሪንግ ነው። በ1806 ናንሲ ሃንክስን አግብቶ ሴት ልጅ ከወለዱ በኋላ፣ በዲሴምበር 1808 አይዛክ ቡሽ ከተባለ ሰው 300 ኤከር ገዛ። 200 ዶላር በእጁ ከፈለ፤ በመሬቱ ላይ ያለችውን ቀሪ ዕዳም ተቀበለ። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 አብርሃም የተወለደው እዚህ ነው። ችግሩ ከቶማስ በፊት የነበረ ነው። ሪቻርድ ማዘር መሬቱን ለዴቪድ ቫንስ ሲሸጥ ሙሉ ዋጋው አልተከፈለውም፤ ቫንስ ለቡሽ አሳለፈ፤ ቡሽ ለቶማስ። በሦስት እጅ ሲተላለፍ ዕዳው አብሮ ተላለፈ። በ1813 ማዘር ሁሉንም ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም መሬቱ በሐራጅ እንዲሸጥ አዘዘ።

ሙግቱ ሲጀምር ቶማስ ወደ ሦስተኛው እርሻ፣ ወደ ኖብ ክሪክ፣ ሄዶ 30 ኤከር ተከራይቶ ያርስ ነበር። ሊንከን ካደገ በኋላ በልጅነቱ የሚያስታውሰው ቦታ ይህ ነው። እዚህም ክስ መጣ። የፊላዴልፊያው ሰው የቶማስ ሚድልተን ወራሾች፣ አባታችን ያስመዘገበው 10,000 ኤከር ነው ብለው በ1815 በአካባቢው በሰፈሩት አሥር ገበሬዎች ላይ የማስለቀቅ ክስ መሠረቱ። ቶማስ ከአሥሩ አንዱ ነው። ክሱ በእሱ ስም ታይቶ በ1818 ፍርድ ቤቱ ለቶማስ ፈረደ። ፍርዱ ሲሰጥ ግን ቶማስ ኬንታኪን ከለቀቀ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። አገሩን ለመልቀቅ ያበቃው በፍርድ መሸነፍ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ሳይሠጋ የሚተኛበት ሌሊት ማጣቱ ነው።

ሊንከን በ1860 ስለ ራሱ በጻፈው አጭር ታሪክ፣ አባቱ ኬንታኪን የለቀቀው በከፊል በባርነት ምክንያት፣ በይበልጥ ግን በመሬት ባለቤትነት ጣጣ የተነሣ መሆኑን ገልጿል። ባርነትን ያስወገደው ሰው ከባርነት አስቀድሞ ያስቀመጠው የመሬቱን ጣጣ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ከአባቱ ፊት ላይ ያነበበው እሱን ስለነበር ነው ብዬ አምናለሁ።

በዲሴምበር 1816፣ ኢንዲያና ክፍለ ግዛት በሆነችበት ወር፣ ቤተሰቡ የኦሃዮን ወንዝ ተሻገረ። በዚያ ማዶ ደንቡ ሌላ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1785 ባወጣው ሕግ መሬቱን ሳይሸጥ በፊት ያስለካል። አገሩ በእያንዳንዱ ጎኑ ስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ይከፈላል፤ ያም በ36 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 640 ኤከር ነው፤ 16ኛው ቁጥር ለትምህርት ቤት ይቀመጣል። ገበሬው ቁጥሩን ይዞ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ሻጩም ዋስትና ሰጪውም መንግሥት ነው። ቶማስ በኦክቶበር 1817 ቪንሰንስ ከተማ ሄዶ 160 ኤከር፣ ኤከሩን በ2 ዶላር፣ አስመዘገበ። ክፍያውን ሁሉ መጨረስ አቅቶት ግማሹን መልሶ በ1827 የ80 ኤከር ሙሉ ባለቤትነት አገኘ። ማንም አልከሰሰውም። ይህም መሬት ንጹሕ ነበር ለማለት አይቻልም፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1804 በቪንሰንስ ውል ከደላዌርና ከፒያንካሻ ሕዝቦች ወስዶት ነው።

ቤተሰቡ ከአገር አገር ሲዞር ያጣው መሬት ብቻ አይደለም፤ የትውልዱን ቆጠራም አጥቷል። ሊንከን በ1848 የምክር ቤት አባል ሳለ በማሳቹሴትስ ካሉ ሊንከኖች ጋር ዝምድና ይኖረን ይሆን እየተባባለ ተጻጽፏል። በ1859 ስለ ራሱ ሲጽፍ ከአያቱ አልፎ የሚያውቀው ቤተሰቡ ከፔንሲልቬኒያ መምጣቱን ነው፤ ከኒው ኢንግላንዶቹ ሊንከኖች ጋር ለማያያዝ የተደረገው ሙከራም ከስም መመሳሰል በቀር አላፈራም ብሎ ደመደመ። ሰባት ትውልዱን ሳያውቅ ነው የሞተው።

ያ ሐረግ ከእሱ ሞት በኋላ የተገኘው በመሬት ሰነድ፣ በውርስ መዝገብና በፍርድ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። በ1909 ሊ እና ሃቺንሰን፣ በ1923 ዋልዶ ሊንከን ያሳተሟቸው የትውልድ መጻሕፍት ማሳቹሴትስን ከኒው ጀርሲ፣ ኒው ጀርሲን ከፔንሲልቬኒያ፣ ፔንሲልቬኒያን ከቨርጂኒያ ያያያዙት በዋናነት እንዲህ ባሉ ወረቀቶች ነው፤ የቶማስን እርሻዎችም የምናውቃቸው ከግዢ፣ ከሽያጭና ከክስ ሰነዶች ነው። ቶማስና ናንሲ በሕግ አልተጋቡም እያሉ ተቃዋሚዎች ያወሩት የነበረውን ያፈረሰውም እንዲሁ በ1878 በዋሽንግተን አውራጃ ፍርድ ቤት የተገኘ የጋብቻ ሰነድ ነው፤ ፈላጊዎች ለዓመታት የፈተሹት ሃርዲን አውራጃን ነበር። ለሊንከን እናት ዘር ብቻ ነው ወረቀት ያልበቃው። ናንሲ መሬት አልገዛችም፣ አልሸጠችም፤ ያገባች ሴት መሬት እምብዛም በስሟ በማይጻፍበት ዘመን የሴቷ ወገን ከመዝገብ ይጠፋል። የናንሲ እናት ሉሲ ሃንክስ መሆኗን የሚደግፍ ማስረጃ በ2015 የመጣው ከዘረመል ጥናት ነው።

ሊንከን በ1833 በኢሊኖይ ምክትል ቀያሽ ሆነ፤ የአባቱን ወሰን ያሳተውን ሙያ ራሱ ተማረው። ፕሬዚዳንት ሆኖ በሜይ 20 ቀን 1862 የሆምስቴድን ሕግ ፈረመ፦ አምስት ዓመት ኖሮ ያለማ ሰው በትንሽ የመዝገብ ክፍያ 160 ኤከር ይወስዳል። በዚህ ሕግ በጠቅላላው 270 ሚሊዮን ኤከር ለ1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተሰጥቷል። ለቶማስ ዓይነቱ ገበሬ ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ደግሞ፣ መሬታቸው በውል ላይ ውል እየተባለ ተወስዶባቸው የተነሡ 38 የዳኮታ ሰዎች በሊንከን ፈቃድ ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ቀን ተሰቅለዋል። የሞት ፍርድ ከተሰጠባቸው 303 ሰዎች ብዙዎቹን ማዳኑ እውነት ነው። ለሰፋሪው የታሰበለት ፍትሕ ለነባሩ እንዳልታሰበለትም እውነት ነው።

ሲንኪንግ ስፕሪንግ ከቶማስ በኋላም ከሙግት አልወጣም። በ1905 እርሻው እንደገና በሐራጅ በ3,600 ዶላር ተሸጠ፤ ገዢዎቹ መታሰቢያ አሠርተውበት በ1916 ለአሜሪካ መንግሥት አስረከቡት። በሉዊቪልና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች ሆጅንቪል ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ሎንግ ራንም ከከተማችሁ ምሥራቅ ጫፍ ነው። ቤት ስትገዙ ደግሞ ግዢው በሚጠናቀቅበት ቀን ከምትፈርሙባቸው ወረቀቶች አንዱ፣ ቶማስን ያንከራተተው ዓይነት የባለቤትነት ጣጣ እንዳይደርስ የሚደረገው «ታይትል» የሚባለው ምርመራና መድን ነው። ይህን መድን ለመሸጥ የመጀመሪያው ኩባንያ በ1876 የተቋቋመው በፊላዴልፊያ ነው። ባንኩ የሚያስገዛችሁ መድን የሚጠብቀው ባንኩን ብቻ ነው፤ ለባለቤቱ የሚሆነው ለብቻው ይገዛል። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ የቤቱን የቀድሞ ባለቤቶች ዝርዝርና በላዩ ያለውን ዕዳ ራሳችሁ አንብቡ።